«እኔ እንኳ የሒሳብ ሰው አይደለሁም»

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ስለ ማርጆሪ ራይስ ላወራችሁ ነው።

ማርጆሪ አሜሪካ ውስጥ አምስት ልጆች ያሳደገች የቤት እመቤት ነበረች። ሒሳብን ከሁለተኛ ደረጃ በላይ አልተማረችም። በ1975 እ.ኤ.አ. አንድ መጽሔት ላይ የማርቲን ጋርድነርን የሒሳብ ዓምድ አነበበች። ጥያቄው ይሄ ነው፦ አንድ ባለ አምስት ጎን ቅርጽ ብቻ እየደጋገምን፣ ወለልን ያለ ክፍተት ለመሸፈን ስንት ዓይነት መንገድ አለ? ጎኑም ማዕዘኑም እኩል የሆነው አይሆንም። አንዱ ማዕዘን 108 ዲግሪ ነው፤ ሦስቱን ብትገጥሟቸው 324 ይሆናል፣ 36 ዲግሪ ክፍት ይቀራል። ጎኖቹ ሲለያዩ ግን ነገሩ ይከፈታል። በ1968 አንድ የሒሳብ ባለሙያ «ስምንት ዓይነት ናቸው፣ በቃ» ብሎ ነበር። አልበቃም።

ማርጆሪ ኩሽና ውስጥ ትስላለች። ሰው ሲመጣ ሥዕሉን ትሸፍነዋለች። ይሄ መሸፈኗ አንጀቴን ይበላኛል። የምታሰላበትን ምልክትም ራሷ ነው የፈጠረችው። እንዲህ እንዲህ እያለች አራት አዳዲስ ዓይነቶች አገኘች!

ሥራዋ ዶሪስ ሻትሽናይደር የምትባል የሒሳብ ምሁር እጅ ገባ። ዶሪስ «ይሄ የሒሳብ አጻጻፍ አይደለም» ብላ አልመለሰችውም። ቁጭ ብላ ምልክቶቹን ፈታች፣ አጣራች፣ ትክክል መሆናቸውን ለዓለም አሳወቀች። ሰው ሁሉ ማርጆሪን ያደንቃል፤ እኔም አደንቃታለሁ። ግን የዶሪስ ዓይነት አንባቢ ባይኖር ያ ሁሉ ሥራ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር።

ደግሞ ችግሩ የትምህርት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኤሚ ኖተር የምትባለው ጀርመናዊት የሒሳብ ሊቅ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ነበራት። የጀርመኑ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ግን ሴት ናት ብሎ የማስተማር ፈቃድ ከለከላት። ለዓመታት ያለ ደሞዝ፣ እዚያው በሚያስተምረው የሒሳብ ሊቅ በዴቪድ ሂልበርት ስም አስተማረች።

አንዲት ልጅ አስጠናለሁ። «10 ሰዎች ሁሉም እርስ በርስ ቢጨባበጡ ስንት ጊዜ ነው?» አልኳት። 9፣ 8፣ 7 እያለች እስከ 1 ደመረች፤ 45። «ሒሳብ አይደለም፣ ዝም ብዬ ቆጥሬው ነው» አለችኝ። ለምን ከ10 አልጀመርሽም አልኳት። «ራሱን አይጨብጥማ!» አለች። የሒሳብ ሰው ማለት ለእኔ ይሄ ነው፤ ምክንያቱን የሚያውቅ። ፍጥነት ምን ያደርጋል?

አሁን 100 ሰዎች ሰጥቻታለሁ። አንድ በአንድ መደመር ሰልችቷት አቋራጭ እየፈለገች ነው። ቀመሩን አልነገርኳትም።