የማይዋሽ ምልክት

የተከበራችሁ የሳይት መሐንዲሶች፣ ፎርማኖች፣ ባንዲራ ያዦች፣ ከአሠሪና ከአማካሪ ድርጅት የመጣችሁ ባልደረቦች፤ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ ስላይድ አላዘጋጀሁም። ያመጣሁት ይቺን አንድ ኮን፣ መንገድ ስንዘጋ የምንደረድራትን ሾጣጣ ምልክት፣ ብቻ ነው። ከመኪናዬ ኋላ አንስቼ ነው የገባሁት፤ ጠረጴዛውን ስላቆሸሽኩ ይቅርታ። ጭቃዋን ግን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኮንን ሁላችንም እናውቃታለን። ከየት እንደመጣች ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ቻርልስ ስካንሎን የሚባል ሰው ነበር። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የመንገድ መስመር ይቀባ ነበር። ያኔ ቀለሙ እስኪደርቅ መኪና የሚከለክሉት በእንጨት ነው። እንጨቱ ሲገጭ ይሰበራል፤ መኪናውንም ያበላሻል። ስካንሎን ሲገጯት ጎንበስ ብላ ቀና የምትል ሾጣጣ ሠራ። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1943 አገኘ። ሐሳቡ የመጣው ቀኑን ሙሉ መኪና በአጠገቡ ሽው ሲልበት ከሚውል ሰው ነው። እንደ እናንተ ካለ ሰው ማለት ነው።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ይቺ ኮን መኪና ታቆማለች? አታቆምም። ብስክሌት እንኳ አታቆምም። አሽከርካሪው ካመናት ይታጠፋል፤ ካላመናት ይረግጣታል። ምልክቱም፣ መብራቱም፣ ባንዲራውም እንዲሁ ነው። እኛ ነፍሳችንን ያስያዝነው የማናውቀው ሰው፣ ፊቱን ያላየነው አሽከርካሪ ያምነናል ብለን ነው። ያን እምነት ደግሞ በገዛ እጃችን እናባክነዋለን።

ከራሴ ልጀምር። ጀማሪ መሐንዲስ ሳለሁ አንድ የድልድይ ጥገና ላይ ነበርኩ። «ሠራተኞች አሉ» የሚል ምልክትና የ40 የፍጥነት ወሰን አስተከልኩ። ወዲያው ዕቃ ጠፋና ሥራው ቆመ። ሠራተኛው ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ምልክቱ እዚያው ቀረ። «ነገ ለምንመለሰው ምን አለፋን» አልኩ። ነገው ሁለት ሳምንት ሆነ። ተመልሰን ሥራ በጀመርንበት ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ኮኖቹን ጠራርጎ ገባ። መኪና የሚያስቆመውና የሚያሳልፈው ባንዲራ ያዣችን ወደ ቦዩ ዘሎ ተረፈ፤ ክንዱ ግን ተሰበረ። ሹፌሩ እየተንቀጠቀጠ ወረደና «ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው አልነበረም እኮ!» አለኝ። ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ምን ልበለው? ሁለት ሳምንት ዋሽቼህ ነበር፣ ዛሬ ግን እመነኝ?

ስለዚህ ሥራ ሲቆም ምልክት ይነሳል ወይም ይሸፈናል። ባንዲራ ያዡ ለምሳ ከሄደ «ባንዲራ ያዥ አለ» የሚለውም ይሸፈናል። መሸፈን ስል ጆንያ ጣል ማድረግ አይደለም፤ ነፋስ ይገልጠዋል። የፍጥነት ወሰንም እንዲሁ ነው። ሥራው 300 ሜትር ላይ ሆኖ 5 ኪሎ ሜትር ሙሉ በ30 ንዱ ካልን የሚሰማን የለም። ባይሰሙን ደግሞ አልፈርድባቸውም።

የሥራ ቀጠና አራት ክፍል እንዳለው ከሥልጠና ታስታውሳላችሁ፤ ማስጠንቀቂያ፣ መሸጋገሪያ፣ የሥራው ቦታ፣ ማብቂያ። ሁሉንም እየዘረዘርኩ አላሰለቻችሁም። አብዝተን የምናጎድለው ሁለቱ ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ ልቁም።

አንዱ ቴፐር የምንለው ነው፤ የመኪና መሄጃው ረድፍ ቀስ እያለ የሚጠብበት የኮን ሰልፍ። የአሜሪካው የትራፊክ ምልክቶች መመሪያ ቀላል ስሌት አለው። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሚነዳበት መንገድ የሚዘጋውን ስፋት በፍጥነቱ ታባዛላችሁ፣ ለ1.6 ታካፍላላችሁ። የ3.6 ሜትር ረድፍ በ100 መንገድ ላይ ስትዘጉ 225 ሜትር ይመጣል። ከሁለት የእግር ኳስ ሜዳ በላይ ነው። ያንኑ ረድፍ በ40 መንገድ ላይ ብትዘጉ ግን ስሌቱ ሌላ ነው፤ 37 ሜትር ገደማ ይበቃል። ታዲያ የ100 መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ የማየው የትኛውን ይመስላችኋል? ሳቃችሁ መልስ ሆነኝ። ሰነፍ ስለሆንን አይመስለኝም። ስንተክል በእግራችን እየሄድን ስለምንለካ ነው። በእግር ለሚሄድ ሰው 37 ሜትር ረጅም ነው። በ100 ለሚመጣ ሰው አንድ ሰከንድ ከምናምን ነው። ኮኖቹን በየ20 ሜትሩ ገደማ ብትደረድሩ ደግሞ ለ225 ሜትር 12 ይበቃሉ። አሥራ ሁለት ኮን የሌለው ሳይት ያን ቀን ባይሠራ ይሻላል።

ሌላው ባዶው ቦታ ነው፤ በቴፐሩና በሠራተኛው መካከል ያለው። በ100 የሚነዳ መኪና በሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሰው አይቶ፣ ገብቶት፣ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ሁለት ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 70 ሜትር ሄዷል። እስኪቆም ድረስ ለዲዛይን የሚያዘው ርቀት 185 ሜትር ነው። ባዶው ቦታ የተሳሳተውን ሰው የሚቀበል ስለሆነ ነው ባዶ የሆነው። ግን ክፍት ቦታ አይቶ ዝም የሚል የገልባጭ ሹፌር አይቼ አላውቅም። አሸዋ ይገለበጥበታል፣ ሮለር ይቆምበታል፣ የውኃ በርሜሉም እዚያው ይቀመጣል። አንዴማ አራት ሠራተኛ ጥላ አገኘን ብሎ ጋደም ብሎበት አገኘሁ። እዚያ ቦታ መቆም የሚችል አንድ መኪና ቢኖር ከኋላው ግጭት የሚውጥ ትራስ የተገጠመለት ነው። እሱም ሰው አይቀመጥበትም።

የሥራውን ቦታ ከመኪናው መንገድ ስለሚከልለው ግርዶሽ አንድ ነገር ልጨምር። የኮንክሪት ግርዶሽ ከተደረደረ በኋላ ልባችን ያርፋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 2023 በአሜሪካ፣ ባልቲሞር ከተማ አጠገብ አይ-695 በተባለው አውራ ጎዳና ላይ ስድስት ሠራተኞች ከግርዶሽ ጀርባ ሆነው ሞቱ። በከባድ ፍጥነት ከሚሄዱ ሁለት መኪኖች አንዱ ረድፍ ሲቀይር ሌላውን ነካ። ከዚያ በግርዶሾቹ መካከል በነበረው ክፍተት አልፎ ሠራተኞቹ ላይ ገባ። የፍጥነቱን ጥፋት ለአሽከርካሪዎቹ እተወዋለሁ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ክፍተቱ ነው። ክፍተት የምንተወው የራሳችን መኪና እንዲገባና እንዲወጣ ነው። የእኛ መኪና የሚገባበት በር ግን ለሌላውም በር ነው። ነገ ሳይታችሁ ስትገቡ በሮቻችሁን ቁጠሩ። እያንዳንዱ ወደየት እንደዞረ እዩ። መኪና ወደሚመጣበት አቅጣጫ አፉን ከፍቶ የተቀመጠ ካለ ያን ቀኑን አስተካክሉት።

ይህ ሁሉ ለሠራተኛው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ በሥራ ቀጠና ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ፣ ከአምስቱ አራት ያህሉ፣ መኪና ውስጥ ያሉ ናቸው። ከሁሉ የሚበዛው የአደጋ ዓይነት ደግሞ ከኋላ መግጨት ነው። ረድፍ ስንዘጋ ሰልፍ እንፈጥራለን፤ የሰልፉ ጭራ ማስጠንቀቂያችንን አልፎ ወደ ኋላ ይረዝማል። ከዚያ ኩርባ ጀርባ የሚመጣው የጭነት መኪና ምልክት ሳያይ ቆሞ የሚጠብቅ ቤተሰብ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምልክት ቦታ ዕቅዱ ላይ የተሳለው ብቻ አይደለም። ጭራው ሲረዝም ምልክቱም ወደ ኋላ ይሂድ። ይህን የሚከታተል አንድ ሰው መድቡ። ሌላ ሥራ አትደርቡበት።

አሁን ስለ ባንዲራ ያዦች። እዚህ ከፊት የተቀመጣችሁ ስላላችሁ ደስ ብሎኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ላይ አትጠሩም። በብዙ ሳይት ትንሹ ደመወዝ የእናንተ ነው። ሥልጠናችሁም «ይህን ያዝ፣ እዚያ ቁም» የሚል ነው። መቶ መኪና የሚያምነው ወይም የማያምነው ግን እናንተን ነው። ብቻችሁን ቁሙ። ጓደኛ አጠገባችሁ መጥቶ ወሬ ከጀመረ አሽከርካሪው እናንተን ከመንገደኛ አይለይም። ጥላ ውስጥ አትቁሙ፤ አንጸባራቂው ሰደርያ ጥላ ውስጥ ይደበዝዛል። የመጀመሪያው መኪና ሳይቆም ወደ ረድፉ አትግቡ። ጀርባችሁን ለሚመጣ መኪና አትስጡ። ጠዋት ስትቆሙ ደግሞ መጀመሪያ የምታዩት የምትሸሹበትን ይሁን። ያ ክንዱ የተሰበረው ልጅ የተረፈው ቦዩ የት እንዳለ አስቀድሞ ስላየ ነው። እኔ አላስተማርኩትም። ራሱ ነው ያየው።

ፎርማኖች፤ ለእነዚህ ሰዎች ሬዲዮ ስጡ። በጩኸትና በእጅ ምልክት ሁለት ጫፍ ማስተናበር ሁለት መኪና ፊት ለፊት ማገናኘት ነው። በየተወሰነ ሰዓት ተቀያያሪ መድቡላቸው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑ ክፍት ቢሆንም አያይም።

የከተማ ውስጥ ቁፋሮ የምትሠሩ ደግሞ እግረኛውን አትርሱት። «በዚያኛው ማዶ ሂዱ» ብሎ ምልክት ተክሎ መገላገል የለም። ሰው 200 ሜትር ወደ ኋላ ተመልሶ አይሻገርም። ሁለት እርምጃ ወደ አስፋልቱ ወርዶ ያልፋል። ስለዚህ መንገዱን እናንተ ሥሩለት፤ ዊልቸር የሚያልፍበት ስፋትና መውረጃ ያለው ይሁን። ጉድጓድ ዙሪያ ቀይና ነጭ ቴፕ ጠምጥሞ መሄድም ይቅር። ዓይነ ስውር በትሩን የሚያንቀሳቅሰው መሬት አጠገብ ነው፤ ቴፑ ደረቱ ጋ ነው ያለው። በትሩ ቴፑን አይነካውም፤ የሚያገኘው ጉድጓዱን ነው። እስከ መሬት የሚወርድ ጠንካራ አጥር አድርጉ።

አንድ መንገድ ተሠርቶ ሳያልቅ ውኃ ይቆፍረዋል፣ ከዚያ መብራት፣ ከዚያ ስልክ። ይህ በየአገሩ ያለ ቀልድ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት የመንገድ ሥራዎች ሕግ ቆፋሪው አስቀድሞ እንዲያሳውቅ፣ መንገዱንም መልሶ እንዲያስተካክል አስገደዱ። ትልቅ የመንገድ ሥራ ካለቀ በኋላም ባለሥልጣኑ ለተወሰነ ጊዜ ቁፋሮ መከልከል ይችላል። ይህን የማነሳው አስፋልት ስለሚበላሽ ብቻ አይደለም። በዓመት አራቴ የሚዘጋ መንገድ ላይ ምልክት ዓይን ውስጥ አይገባም። ሰው ይለምደዋል።

ወደ ጭቃዋ ልመለስ። ይህ ነጭ ቀለበት ማታ የሚያበራው የመኪናውን መብራት ወደመጣበት ስለሚመልስ ነው። ጭቃ ሲሸፍነው ምንም አይመልስም። ትናንት ማታ ዝናብ ዘንቦ ሲያባራ በአንድ ሳይት አልፌ ነበር። ቀን ያየሁት የሚያምር የኮን ሰልፍ ማታ ሁለት ኮን ሆነ። ሌሎቹ ተሰውረዋል። ይቺን ያነሳሁት ከዚያ ነው። ባለቤቷ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ ስም አልጠራም፤ ሲወጣ ይውሰዳት። አንዱ ምልክት ደግሞ በአፍንጫው ተደፍቶ ነበር። እግሩ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት ነበረ ለካ። ድንጋይ መኪና ሲመታው ተወርዋሪ ይሆናል፤ ሰው ይገድላል። አሸዋ የሞላ ከረጢት ተጠቀሙ። ይህን ሁሉ ደግሞ ቀን በእግር እየዞሩ ማወቅ አይቻልም። ሳይታችሁን ማታ፣ በመኪና፣ እንደማያውቅ ሰው ሆናችሁ እለፉበት።

አሁን የምናደርገውም እሱን ነው። ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ትናንት አንድ ቀጠና ተክለናል፤ ሆን ብለን ሰባት ስህተት አስገብተንበታል። ሦስት መኪና ውጭ ቆሟል። መሐንዲሶች ትነዳላችሁ፤ ባንዲራ ያዦች ከጎን ተቀምጣችሁ ስህተቱን ትቆጥራላችሁ። ሰባቱን ያላገኘ መሐንዲስ እንደገና ይዞራል። የደህንነት ቀበቶ እሰሩ።