የሰበር ትርጉምና የእኛ ባዶ ወንበሮች

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዓመቱን ሥራ ዋና ጸሐፊያችን በዝርዝር ያቀርባሉ። ለታራሚዎች የምንሰጠው ነጻ የሕግ ምክር አልተቋረጠም፤ በመጨረሻ ፍርዶች ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን የሚመረምረው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ሰሚ ችሎት የሰጣቸው ውሳኔዎች ጥራዞችም በቤተ መጻሕፍታችን ተሟልተዋል። በሁለቱም እኮራለሁ።

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ወርሃዊው የሰበር ውሳኔዎች ውይይታችን ነው። በግንቦት የመጣነው አራት ሰዎች ነን። ጽሑፉን ለማዘጋጀት ሁለት ሳምንት የደከመች ወጣት ባልደረባችን ለባዶ ወንበር አነበበች።

«ዳኛ ሕግ ይተረጉማል እንጂ አይለውጥም፤ ምን ያወያየናል?» ያሉኝ አባላት አሉ። አልስማማም። የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ሁሉ እንዲያስገድድ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ከተደነገገ ወዲህ ክርክራችን ተለውጧል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍና በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ (በውል አረጋጋጭ) ፊት እንዲደረግ የሚያዘውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን አንቀጽ 1723 ተመልከቱ። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የተጻፈ ነው፤ ሰዉ ግን ቤቱን በመንደር ውል ሲሸጥ ኖረ። በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ተባለ። ከአንቀጹ አንዲት ፊደል አልተነካችም፤ የስንቱ ገዢ ቤት ግን ተናጋ!

አንዲት እናት በፌስታል ጠቅልለው ያመጡልኝ ውል ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። የሦስት ምስክሮች ፊርማ፣ ከግርጌው የሻጩ የአውራ ጣት አሻራ። አንብቤ ስጨርስ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

በኋላ ችሎቱ ራሱ ሻጩ ውሉን ባልካደበት ጉዳይ አቋሙን አለዝቧል። አቤት ብሎ የተከራከረ ባይኖር ይህ አይመጣም ነበር። ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የቀደመ አስገዳጅ ትርጉም የሚለወጠው ከሰባት ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው ነው። ዳኞቹ በራሳቸው ተነሥተው አይሰየሙም፤ በቂ ምክንያት ያለው አቤቱታ ይፈልጋሉ። እርሱን የምንጽፈው እኛ ነን።

ችሎቱ እርስ በርሱ የሚጋጭ ውሳኔ ይሰጣል እያሉ በየሻይ ቤቱ የሚያማርሩ አንጋፋ ባልደረባዬ አሉ። እውነታቸውን ነው። የሚጋጩትን መዝገቦች ይዘው እንዲመጡ ሦስት ጊዜ ደውዬላቸዋለሁ፤ ዛሬም አልመጡም። እባካችሁ፣ ለእርሳቸው የምትቀርቡ ንገሩልኝ፤ የመስከረሙን ውይይት የምንከፍተው በእርሳቸው መዝገቦች ነው፣ ወንበራቸውም ተይዞ ይጠብቃቸዋል።