ፓምፕ ዘይት ስትበላ

ቲጂ፦ ሰላም ሰላም! ዛሬ ወሬያችን አቃቂ ወንዝ ዳር ነው። ጎመኑንና ሰላጣውን የሚያጠጡት ትንንሽ የቤንዚን ፓምፖች። አንዷ አሁን ጆኒ ጠረጴዛ ላይ ተበታትናለች። ምን ሆና ነው?

ጆኒ፦ ሰማያዊ ጭስ ታጨሳለች፣ ዘይት ትበላለች፣ ጉልበቷም ደክሟል። 163 ሲሲ ናት፣ የሆንዳ ጂኤክስ 160 ኮፒ።

ቲጂ፦ ባለቤቱ «ሪንግ ነው፣ ቀይርልኝ» ብሎሃል። ታዲያ ቀይርለታ! ሪንግ እኮ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰውን ፒስተን የሚከብብ ቀለበት ነው፣ ርካሽ ነው።

ጆኒ፦ ርካሽ ነው፤ ግን ሪንግ ዝም ብሎ አያልቅም። የበላው ነገር አለ። እሱን ሳላገኝ አዲስ ብከትላት ተመልሳ እዚሁ ናት።

ቲጂ፦ እሺ፣ ሪንግ መሆኑንስ በምን አወቅክ?

ጆኒ፦ ካንዴላውን ሳወጣው በዘይት ርሷል። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨመርኩ። ካንዴላውን መልሼ የማስነሻ ገመዱን ስስብ ከቅድሙ ከበደኝ። ዘይቱ የሪንጉን ክፍተት ለጊዜው ስለሚደፍነው ነው። ለውጥ ባይኖረው ቫልቭ እጠረጥር ነበር።

ቲጂ፦ ሰው ግን ገመዱን ስቦ ሲቀለው ወዲያው «ኮምፕረሽን የላትም፣ አየሩን አትጨምቅም» ይላል።

ጆኒ፦ እሱ ያታልላል። ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ ላይ፣ ሞተሩ ሲነሳ የጭስ ማውጫውን ቫልቭ በትንሹ ከፈት የምታደርግ ነገር አለች። ገመዱ እንዲቀል ነው። ደህናው ሞተርም ይቀላል። እኔ የማየው ከዘይቱ በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ነው።

ቲጂ፦ ከዚያ ፈታሃት።

ጆኒ፦ ዘይቱን አፈሰስኩ፣ የሲሊንደሩን ክዳን፣ ቴስታታውን አነሳሁ፣ የጎን ክዳኑን ከፈትኩ፣ ካምሻፍቱን አወጣሁ። ፒስተኑን የሚይዘውን ክንድ፣ የቢየላውን ሁለት ብሎኖች ፈትቼ ፒስተኑን ወደ ላይ ገፋሁት። ፒስተኑ ከመውጣቱ በፊት ግን የሲሊንደሩን አፍ ዙሪያ ጥፍሬን አስኬድኩበት። የካርቦን ጠርዝ ካለ ይጠረጋል፤ አለዚያ ሪንጉ እዚያ ይያዛል።

ቲጂ፦ አሁን መለኪያህን ልታወጣ ነው አይደል? ይሄ ልጅ ሽንኩርትም ለክቶ ነው የሚገዛው።

ጆኒ፦ ሳቂ! አሮጌውን ሪንግ ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ ትከቺዋለሽ። በፒስተኑ አናት ገፋ አድርገሽ ታስተካክይዋለሽ። ከዚያ በሪንጉ ሁለት ጫፎች መሃል ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ፣ በስስ የብረት መለኪያ ቅጠሎች ትለኪያለሽ። በዚህ ሞተር አዲስ ሪንግ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሜ ነው። 1 ሚሜ ካለፈ ይጣላል። የዚህችኛው አልፏል።

ቲጂ፦ ታዲያ ሰውየው ልክ ነበር!

ጆኒ፦ በግማሹ። አዲሱንም ሪንግ እዚያው ከትቼ ለካሁት። ክፍተቱ አሁንም ሰፊ ከሆነ ያለቀው ሪንጉ ብቻ ሳይሆን ሲሊንደሩ ነው። ሲሊንደሩ 68 ሚሜ ነው፤ 68.165 ካለፈ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይሰፋል፣ 0.25 የሚተልቅ ፒስተን ይገባል። ይህችኛው ተርፋለች፤ አዲሱ ሪንግ ልኩ ላይ ገባ። ግድግዳው ላይ ግን ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ ጭረቶች አሉ።

ቲጂ፦ ጭረቱ ከየት መጣ?

ጆኒ፦ የአየር ፊልትሮውን ከፈትኩት። ስፖንጁ ተቀዷል። የሜዳው አቧራ ቀጥታ ይገባል፣ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈጫል። ሪንጉን የበላው ይሄ ነው። ሌላም አለ። የካንዴላው ጫፍ በጥላሸት ጠቁሯል፤ ካርቡሬተሩ ቤንዚን ያበዛል።

ቲጂ፦ የኛ ከፍታ ነገር እንዳይሆን?

ጆኒ፦ እሱ ነው! አቃቂ እንኳን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛል። የተረፈው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት ያጥበዋል፤ ሪንጉ በደረቅ ይሮጣል። ቀዳዳዋ ጠበብ ያለች ጂግለር፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈዋን፣ ማስገባት ነው መፍትሔው።

ቲጂ፦ ጉልበቷም ይመለሳል ማለት ነው?

ጆኒ፦ በከፊል። ካርቡሬተሩ ተስተካክሎም በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። እዚህ ሲሰላ ሩብ ያህሉ ነው። ይህን ብነግረው ባለቤቱ ተናደደብኝ፣ እኔ ሰርቄ የወሰድኩበት ይመስል!

ቲጂ፦ (ሳቅ) እሺ፣ አሁን ግጠማት።

ጆኒ፦ ግድግዳው ልስላሴውን እስኪያጣ በጥቂቱ በሆን፣ በመሞረጃ ድንጋይ ይቧጠጣል፤ ዘይት የሚይዝ የተጠላለፈ መስመር እንዲወጣለት። ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። ቤንዚን አይደለም! ቤንዚን ዘይቱን ያነሳና የብረት ዱቄቱን እዚያው ይተወዋል። በነጭ ጨርቅ ጠርገሽ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ መውጣት አለበት። ወዲያው ዘይት ቀቢው፤ አለዚያ ይዝጋል።

ቲጂ፦ ሪንጎቹስ?

ጆኒ፦ የሚያበራው ከላይ፣ ጠቆር ያለው ሁለተኛ፣ ከታች ሦስት ክፍል ያለው የዘይት ሪንግ። ምልክት ካለው ምልክቱ ወደ ላይ። የጫፎቻቸው ክፍተት አንድ መስመር ላይ አይዋል፤ 120 ዲግሪ ይራራቁ። ፒስተኑ ላይ ያለችው ምልክት ቫልቮቹን ወደሚገፉት ዘንጎች፣ ወደ ፑሽሮዱ በኩል። የቢየላው ብሎን 12 ኒውተን ሜትር፤ በክንድ ግምት አይሆንም፣ ይሰበራል።

ቲጂ፦ ካምሻፍቱስ? እዚያ ላይ ነው አሉ ሰው የሚጠፋው።

ጆኒ፦ የካምሻፍቱና የክራንክሻፍቱ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ጥርሶች ላይ ያሉት ነጥቦች ፊት ለፊት ይገናኙ። አንድ ጥርስ ከዘለለ አትነሳም፣ ብትነሳም ታስላለች።

ቲጂ፦ ዘይቷስ?

ጆኒ፦ 0.6 ሊትር አካባቢ፤ ማሽኑን ደልዳላ ቦታ አስቀምጦ። ሪንግ ከተቀየረ በኋላ በመጀመሪያው 20 ሰዓት ሥራ ይቀየራል። ፊልትሮውን አዲስ ገዝቷል፤ በየ50 ሰዓቱ ማጽዳት፣ አቧራ ሲበዛ ደግሞ ቶሎ ቶሎ።

ቲጂ፦ ጭሱስ ወዲያው ይቆማል?

ጆኒ፦ የለም፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ትንሽ ታጨሳለች። ከዚያ በኋላም ካጨሰች ቫልቩን ነው የምናየው።

ቲጂ፦ እሱን በሚቀጥለው ክፍል። ጆኒ፣ በል ጠረጴዛህን ጥረግ፣ ቡናው ቀርቧል።