ጂአርኢን በሰዓት ተለማመዱት፦ ለተመራቂ ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ኳስም አለ፣ ግን መጥታችሁ ተቀምጣችኋል፣ ስለዚህ መግቢያ አላበዛባችሁም።

እዚሁ ሀገር ማስተርስ መቀጠል የምትፈልጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ እናንተን የሚጠብቃችሁ ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው ጋት የሚባለው የመግቢያ ፈተና ነው። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ጂአርኢ ነው፣ ውጪ በተለይ አሜሪካ ለማስተርስ ወይ ለፒኤችዲ ስታመለክቱ ስለምትጠየቁት ፈተና። ግን አትውጡብኝ፣ ሒሳቡ ላይ የምለው ለእናንተም ይሆናል።

ውጪ የምታስቡ ደግሞ፣ ከሁሉ በፊት ፈተናው የግድ የሚያስፈልጋችሁ መሆኑን አጣሩ። ከኮቪድ ወዲህ ብዙ ዲፓርትመንቶች ወይ ጭራሽ ትተውታል ወይ ከፈለጋችሁ ላኩ ብለውታል፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንኳን አንዱ ይጠይቃል ጎኑ ያለው አይጠይቅም። ስለዚህ የዲፓርትመንቱን ገጽ ራሳችሁ ገብታችሁ አንብቡ፣ ካልገባችሁ ኢሜይል አድርጉላቸው፣ ይመልሳሉ። ለምን መሰላችሁ እንዲህ የምለው፣ ክፍያው 220 ዶላር አካባቢ ነው፣ ብር ደግሞ በሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በዛ ላይ የሚከፈለው በካርድ ስለሆነ አብዛኞቻችሁ ውጪ ያለ ዘመድ ታስቸግራላችሁ። አክስትን አንዴ ነው ማስቸገር የሚቻለው፣ ሁለተኛው ላይ ስልክ አይነሳም።

እሺ ያስፈልጋል እንበል። ፈተናው ከመስከረም 2016 ጀምሮ አጥሯል፣ ድሮ አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጀው አሁን 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ነው፣ መሀል ላይ እረፍት የለውም። መጀመሪያ አንድ ጽሑፍ ትጽፋላችሁ 30 ደቂቃ፣ ከዛ ሁለት የቨርባል፣ ማለትም የእንግሊዝኛ ንባብና ቃላት፣ ሁለት ደግሞ የሒሳብ ክፍል አለ። በቨርባል 12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ፣ 15 ጥያቄ በ23 ደቂቃ፣ በሒሳብ 12 በ21፣ 15 በ26። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩት ፒዲኤፎች አብዛኞቹ የድሮውን ነው የሚያስተምሩት፣ ሁለት ጽሑፍ ትጽፋላችሁ ምናምን የሚል ካያችሁ ያረጀ ነው፣ ጥያቄዎቹን ተለማመዱባቸው፣ ስለ ሰዓቱ የሚለውን ግን እርሱት።

እነዚህን ቁጥሮች የጠራሁት ለአንድ ነገር ነው። አካፍሉት፣ ለአንድ የሒሳብ ጥያቄ 1 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ፣ ለአንድ የቨርባል ጥያቄ ደግሞ አንድ ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው ያላችሁ። የኛ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው። ሒሳቡ ራሱ ከባድ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፣ ካልኩለስ የለውም፣ ትሪጎኖሜትሪ የለውም፣ ፐርሰንት፣ ሬሾ፣ አልጀብራ፣ የሦስት ማዕዘን ስፋት፣ ሚን፣ ሚዲያን፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ትንሽ ፕሮባቢሊቲ፣ አብዛኛው ሃይስኩል የተማራችሁት ነው። ኢንጂነሪንግ አምስት ዓመት ተምሮ የመጣ ልጅ ፐርሰንት ላይ ሲንተፋተፍ አይቻለሁ፣ ስለማያውቀው አይደለም፣ ነገሩን ከነካው ቆይቶ ነው። ሁለተኛው ነገር ደግሞ አስተዳደጋችን ነው፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስቴፑን ካላሳየህ ማርክ የለም እየተባልን ነው ያደግነው፣ እዚህ ግን ስቴፕ የሚያይ ሰው የለም።

እስቲ አንድ አብረን እንይ። ሁለት መጠን ይሰጣችሁና የቱ ይበልጣል የሚል ዓይነት ጥያቄ አለ፣ ምርጫዎቹ ሁሌም አንድ ናቸው፣ ኤ ይበልጣል፣ ቢ ይበልጣል፣ እኩል ናቸው፣ ወይ በተሰጠው ብቻ መወሰን አይቻልም። ኤ 37 ሲባዛ በ43፣ ቢ 36 ሲባዛ በ44 ነው እንበል። ብዙ ሰው እጁ ወዲያው ስክሪኑ ላይ ወዳለው ካልኩሌተር ይሄዳል። ቆይ! በኤም በቢም ቁጥሮቹ ሲደመሩ 80 ናቸው፣ መሀላቸው 40 ነው። 37 ከ40 በ3 ያንሳል፣ 43 በ3 ይበልጣል፣ ስለዚህ ኤ ማለት የ40 ስኩዌር ሲቀነስ 9 ነው፣ 36 እና 44 ግን ከ40 የሚርቁት በ4 ነው፣ ስለዚህ ቢ የ40 ስኩዌር ሲቀነስ 16። ኤ ይበልጣል፣ አለቀ፣ 1591 እና 1584 መሆናቸውን ማወቅ አይጠበቅባችሁም።

አሁን ደግሞ ይሄን እዩልኝ። ኤክስ ከዜሮ ይበልጣል ይላል፣ ኤ የኤክስ ስኩዌር ነው፣ ቢ ራሱ ኤክስ። አሁን በልባችሁ ኤ ያላችሁ አላችሁ፣ አትፈሩ። 2ን ስታስገቡ አዎ 4 ከ2 ይበልጣል። ግን ግማሽን አስገቡ፣ ስኩዌሩ ሩብ ነው፣ ቢ በለጠ። አንድን አስገቡ፣ እኩል ሆኑ። መልሱ መወሰን አይቻልም ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጁት ሰዎች ሙሉ ቁጥር ብቻ እንደምናስብ ያውቃሉ፣ ስለዚህ ልምድ አድርጉት፣ ፊደል ባያችሁ ቁጥር ዜሮ፣ አንድ፣ ክፍልፋይ፣ ኔጌቲቭ፣ የተፈቀደውን ሁሉ ሞክሩ።

አንድ ጥያቄ ላይ ከሁለት ደቂቃ በላይ ከቆያችሁ ሌላ ሰው የማይመጣበት ታክሲ ውስጥ ይሞላል እያላችሁ እንደመቀመጥ ነው፣ ውረዱ። እዛው ክፍል ውስጥ እስከሆናችሁ ድረስ ምልክት አድርጎ ማለፍና ተመልሶ መምጣት ይቻላል፣ ለተሳሳተ መልስም ነጥብ አይቀነስም፣ ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ የለም። የመጀመሪያውን ክፍል እንዴት እንደሠራችሁ ታይቶ ነው የሁለተኛው ክብደት የሚወሰነው፣ እና ሁለተኛው ከከበዳችሁ አትደንግጡ፣ ጥሩ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ቨርባሉ ላይ አልዋሻችሁም፣ እሱ ጊዜ ይፈልጋል። ሺህ ቃል በካርድ ጽፎ መሸምደድ የተወሰነ ይረዳል፣ ግን ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉ ምንባብ ነው፣ እኛ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ያነበብነው ሃንድአውት ነው። የሚመጣው ምንባብ ስለ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፣ ስለ ሥዕል ታሪክ ሊሆን ይችላል፣ በየቀኑ ከፊልዳችሁ ውጪ የሆነ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ እያነበባችሁ ጸሐፊው የሚከራከረው ከማን ጋር ነው ብላችሁ ጠይቁ። ርዕሱን የምታውቁት ሲሆን ደግሞ ይብሳል፣ የሚጠይቃችሁ ምንባቡ ምን አለ ነው፣ እናንተ ምን ታውቃላችሁ አይደለም። ባዶ ቦታ ሙሉ ላይ ምርጫዎቹን ሳታዩ የራሳችሁን ቃል ገምቱ፣ በአማርኛ ቢመጣላችሁም ችግር የለውም። ሦስት ባዶ ቦታ ያለው ጥያቄ ላይ አንዱን ብቻ ብትስቱ ሙሉው ዜሮ ነው፣ ግማሽ ነጥብ የለም።

ጽሑፉን ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ ግን ሊመጡ የሚችሉት ርዕሶች በሙሉ የፈተናው ባለቤት ኢቲኤስ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተለጥፈዋል። በሙሉ! ከነሱ እያወጣችሁ ጻፉ፣ ስፔሊንግ የሚያርም ነገር ስለሌለው ኖትፓድ ላይ ብትጽፉ ይሻላል። እዛው ድረ ገጽ ላይ ፓወርፕሬፕ የሚባል ሁለት ነፃ ሙሉ የመለማመጃ ፈተና አለ፣ እነዚህን በመጀመሪያው ሳምንት አትጨርሷቸው፣ አንዱን የት እንዳላችሁ ለማየት፣ ሌላውን ወደ ፈተናው ቀን ስትጠጉ።

ስለ ምዝገባ ቶሎ ልበልና ልጨርስ። ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል አስገቡ፣ ፀጋዬን አንዱ ቦታ በቲኤስ ሌላው ቦታ በቲ ብቻ የጻፈ ሰው በሩ ላይ ጣጣ ይገጥመዋል። የልደት ቀንም በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል፣ ግን ክፍሉ ውስጥ ብቻችሁን መሆን አለባችሁ፣ ወረቀት ላይ መጻፍ አይፈቀድም፣ ትንሽ ዋይትቦርድ ወይም ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ የገባ ወረቀትና የሚጠፋ ማርከር ነው የሚያስፈልገው። መብራትና ኢንተርኔት የማይታመንበት ሰፈር ካላችሁ እኔ ብሆን ወደ ፈተና ጣቢያ እሄዳለሁ። ውጤቱ አምስት ዓመት ያገለግላል፣ ካልጣማችሁ ከ21 ቀን በኋላ መድገም ይቻላል፣ አክስት ከተስማማች ማለት ነው። በፈተናው ቀን ለአራት ትምህርት ቤቶች በነፃ ይላክላችኋል፣ ስማቸውን አስቀድማችሁ ያዙ።

ጥያቄ ያላችሁ በኋላ እንነጋገራለን። አሁን በየወንበራችሁ ላይ የተገለበጠ ወረቀት አለ፣ 12 የሒሳብ ጥያቄ ነው። ስልካችሁን አውጡና ሰዓቱን 21 ደቂቃ ላይ ሙሉት፣ ካልኩሌተሩን ግን አትክፈቱት። በሉ ገልብጡት።