ቅዳሜን ለአልጋ አትስጡ
(በደቡብ ኮሪያ፣ በቹንቾን ከተማ ለአዲስ ገቢ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እንኳንም ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ።

አንዳንዶቻችሁ ከቦሌ ከተነሳችሁ አሥር ቀን አልሞላችሁም፤ ሻንጣችሁም ገና አልተፈታም። ስለ ትምህርቱ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዱና ስለ ባንኩ ከእኔ በፊት የተናገሩት በደንብ ነግረዋችኋል። እኔ የመጣሁት ስለ ቅዳሜና እሁድ ልነግራችሁ ነው።

እዚህ አገር ሰው የሚከፋው በሥራ ቀን አይደለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍል አለ፣ ላብራቶሪ አለ፣ ሩጫው ራሱ ይይዛችኋል። ቅዳሜ ጠዋት ግን ኮሪያውያኑ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ይሄዱና ዶርሙ ጭር ይላል። እኔ የደረስኩት በየካቲት መጨረሻ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ጊዜ ነበር። አምስት ቅዳሜ ሙሉ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ አዲስ አበባ እስኪነጋ ጠብቄአለሁ። የስድስት ሰዓት ልዩነት አለን፤ እናቴ ከእንቅልፏ ስትነሳ እዚህ እኩለ ቀን ሊሆን ነው። «በላህ ወይ?» ትለኛለች። «በልቻለሁ» እላታለሁ። አልበላሁም ነበር።

በስድስተኛው ቅዳሜ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድሞ የመጣ ወንድማችን በሬን አንኳኳና «ተነስ፣ ወደ ውኃው እንውረድ» አለኝ። ጎንጂቾን ወደሚባለው ወንዝ ሄድን። ወንዙ ኡይአም ሐይቅ የሚገባበት ነው፤ ዳር ዳሩን ሰው ይሮጣል፣ ብስክሌት ይነዳል፣ ሽማግሌዎች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይራመዳሉ። እዚያው ዳር ላይ ጣሪያው እንደ አገራችን ጎጆ የሾጠጠ ሕንፃ አየሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው፣ በኮሪያ ጦርነት የተዋጉት የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ነው። ትይዩ የቆመውን ሐውልት ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1968 መጥተው መርቀውታል። በዚያው ዓመት የተከፈተው ቡና ቤት እስከ ዛሬ አለ፤ ስሙም «ኢትዮጵያ ቤት» ነው። ስሙን ያወጡለት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው ይባላል።

አፍንጮ በር ያለውን የኮሪያ ዘማቾች ሐውልት ስንት ጊዜ በታክሲ እንዳለፍኩት ቁጥሩን አላውቀውም። አንድ ቀን ወርጄ አላየሁትም። ለዚህ ጦርነት የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ልጆች እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ በየተራ እንደመጡ፣ 6 ሺህ 37 እንደነበሩ፣ ከ120 በላይ የሚሆኑት እንደወደቁ፣ ከተዋጉባቸው ተራሮች አንዳንዶቹም ከዚህች ከተማ በስተሰሜን እንደሚገኙ የተማርኩት እዚህ፣ በሰው አገር ወንዝ ዳር ቆሜ ነው።

ሐውልቱ አጠገብ አንድ ሽማግሌ መጡ። «ኢቲዮፒያ?» አሉ። ራሴን ነቀነቅሁ። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ግራ እጃቸው ከቀኝ ክርናቸው ሥር ነበር። ልክ አያቴ እንግዳ ስትቀበል እንደምታደርገው! ጓደኛዬ ሲተረጉምልኝ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ ነው የሚሉት። «ካምሳሃምኒዳ» አሉኝ፣ ደጋገሙት። እኔ ምንም አላደረግሁላቸውም። ያ ምስጋና ተቀብዬ ለባለቤቶቹ የማደርሰው አደራ ሆኖ ነው የተሰማኝ። የዚያን ቀን ማታ እናቴ «በላህ ወይ?» ስትለኝ የማወራው ሌላ ነገር ነበረኝ።

እናንተም ለሰው ዕቃ ስትሰጡ፣ ገንዘብ ስትቀበሉ፣ በሁለት እጅ አድርጉት። ከቤት የወጣንበት ነው፤ እዚህም ያው ነው።

ስለ ምግብ ልናገር። ይህች ከተማ የምትታወቀው በዳክጋልቢ ነው። መካከሉ ምድጃ ባለው ገበታ ላይ ሰፊ ክብ የብረት ምጣድ ይጣዳል፤ በቀይ የበርበሬ ድልህ የታሸ ዶሮ፣ ጥቅል ጎመን፣ ስኳር ድንችና ከሩዝ የተሠራ ሙልሙል ይደረግበታል። ባለቤቷ መጥታ ታገላብጠዋለች፣ በመቀስ ትቆራርጠዋለች፤ እናንተ ዙሪያውን ከብባችሁ ከአንድ ምጣድ ትበላላችሁ። ሊያልቅ ሲል ሩዝ ጨምራ ድስት እንደሚጠረግ አድርጋ ታሸዋለች። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ብዙ ቤት ከሁለት ሰው በታች አያስተናግድም፤ ደግሞም የመሶብ ምግብ ነው።

ጿሚዎች፣ ስሙኝ። ኪምቺ ጎመን ነው ብዬ ዐቢይ ጾምን ግማሹን በእሱ ከገፋሁ በኋላ ነው አብዛኛው የዓሣ መረቅ ወይም ጨው የበላ ሽሪምፕ እንደሚገባበት የነገሩኝ። ለጾም የሚሆነውን ያገኘሁት በሽርሽር ነው። ሶያንግ ግድብ ድረስ በአውቶቡስ ውጡ፤ ቁመቱ 123 ሜትር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ነው ያለቀው። ከዚያ ጀልባ ትሳፈሩና ማዶ ስትደርሱ ቾንግፕዮንግሳ ወደተባለው የቡዲስቶች ቤተ መቅደስ በእግር ትወጣላችሁ። መንገዱ ላይ ፏፏቴ አለ። ጀልባው ሐይቁን ሲሰነጥቅ ጣናን አስታውሼ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ከቤተ መቅደሱ በታች ያሉት ምግብ ቤቶች የተራራ ቅጠላ ቅጠል ከሩዝ ጋር ያቀርባሉ። «ኬራን ፔጎ ጁሴዮ» በሉ፤ እንቁላሉን ትተው ይሰጧችኋል።

ሌላውን ቶሎ ልበለው። በከተማ ባቡር ኪም ዩጆንግ ጣቢያ ውረዱ፤ ጣቢያው የደራሲ ስም የተሰጠው ነው፤ በአሮጌው ሐዲድ ላይ በፔዳል የሚነዳ ጋሪ አለ። አውቶቡስ ስትወርዱ ካርዳችሁን እንደገና አስነኩ፤ ቶሎ ሌላ ብትይዙ ይታሰብላችኋል። ቆሻሻ ከተማው ባዘጋጀው ከረጢት ብቻ ይጣላል፤ ከረጢቱ ከሱቅ ይገዛል፣ የምግብ ትራፊ ለብቻው ነው። ዶርም ውስጥ ቡና አትቁሉ፣ የጭስ ማንቂያው ይጮኻል፤ ተቆልቶ የመጣውን አፍሉ፤ አፍልታችሁም ጎረቤት ጥሩ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ቹሶክ፣ የኮሪያውያን የመኸር በዓል፣ እየመጣ ነው። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ እንደሚገባ፣ ኮሪያዊ ሁሉ በቹሶክ ወደ ወላጆቹ ይጓዛል። ሱቁ ይዘጋል፣ የዩኒቨርሲቲው ካፌ ይዘጋል፣ ዶርሙ ባዶ ይሆናል። ባለፉት ዓመታት ከእኛ መካከል እነዚያን ቀናት በሩን ዘግቶ ያሳለፈ ልጅ ነበር፤ ማንም አላንኳኳለትም፤ እኔም አላንኳኳሁለትም። ዘንድሮ ይህ እንዳይደገም እለምናችኋለሁ። ስትወጡ የእያንዳንዳችሁን የዶርም ቁጥር በሩ ላይ ባለው ወረቀት ጻፉልኝ። ቀድመን የመጣነው ተከፋፍለን እየዞርን እናንኳኳለን።

የፊታችን ቅዳሜ በእነሱ አሥር፣ በእኛ አራት ሰዓት ላይ ሐውልቱ ሥር እንገናኛለን። ከውኃው ላይ ጠዋት ጠዋት ጉም ይነሳልና ጃኬት ያዙ። ጀበናውን እኔ አመጣለሁ፤ ስኒ ያላችሁ ስኒ አምጡ።