ልጅ አፉን የሚፈታው ተራ ሲሰጠው ነው
(የማብራሪያ ቪዲዮ ጽሑፍ)

[ምስል፦ ኮዬ ፈጬ፣ የኮንዶሚኒየም ብሎክ፣ አራተኛ ፎቅ። በጠባቧ ወጥ ቤት አያት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡና ይቆላሉ። የ1 ዓመት ከ8 ወር ወንድ ልጅ ራቅ ብሎ ቆሞ መቁያውን ያያል። ቡናው ይንጣጣል።]

ልጅ፦ ጧ!

አያት፦ ጧ አለ! ቡናው ጧ አለ።

[አያት ዝም ይላሉ። እጃቸው እየቆላ ዓይናቸው ልጁ ላይ ነው። ጥቂት ሰከንድ ያልፋል።]

ልጅ፦ …ቡና።

አያት፦ አዎ የኔ ጌታ፣ ቡና። ትኩስ ነው፣ ያቃጥላል።

ልጅ፦ እፍ።

አያት፦ እፍ! እፍ እንበለውና ይቀዝቅዝ።

ተራኪ፦ ይህ ወግ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ልጁ ሦስት ጊዜ ተናገረ፣ አያትም ሦስት ጊዜ መለሱለት። እሱ ያየውን አብረው አዩ፤ «ጧ» ሲል እንደ ቁም ነገር ተቀበሉት፤ ከመለሱለት በኋላ ደግሞ ዝም ብለው ጠበቁት። ከሦስቱ ለአዋቂ የሚከብደው መጨረሻው ነው። ብዙዎቻችን ልጅ ሲዘገይ ዝምታውን በራሳችን ቃል እንሞላዋለን። «ቡና» የምትለዋ ቃል የወጣችው ግን አያት ዝም ባሉበት ክፍተት ነው።

[ምስል፦ የተኛ ጨቅላ ሕፃን። የእናት ድምፅ ሲሰማ ይነቃቃል።]

ተራኪ፦ ከአፍ በፊት ጆሮ ይሠራል። ሕፃን በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ይመርጣል፤ ይህ በሙከራ ከታየ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። እስከ 6 ወሩ ገደማ በሌሎች አገሮች ቋንቋ ውስጥ ያሉ ብዙ የድምፅ ልዩነቶችንም ይለያል። ዓመቱን ሊደፍን ሲል ጆሮው በየቀኑ ወደሚሰማው ቋንቋ ያደላል። አማርኛ ሲሰማ ያደገ ልጅ «ጠፋ»ን ከ«ተፋ» ያለ ችግር የሚለየው ለዚህ ነው።

ታዲያ ድምፁ ከቴሌቪዥን ቢመጣስ? እ.ኤ.አ. በ2003 ፓትሪሺያ ኩል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንኑ ፈትነዋል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚሰሙ የ9 ወር ሕፃናትን ወስደው ማንዳሪን ቻይንኛ አሰሟቸው፤ 12 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 25 ደቂቃ ያህል። አንዳንዶቹን ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ እያጫወተ አነበበላቸው። ሌሎቹ ያንኑ በቪዲዮ አዩ፣ የቀሩት ድምፁን ብቻ ሰሙ። ከሰው የሰሙት የማንዳሪንን ድምፆች መለየት ቻሉ። ቪዲዮ ያዩትና ድምፅ ብቻ የሰሙት ግን ቋንቋውን ጭራሽ ሰምተው ከማያውቁ ሕፃናት አልተሻሉም።

ልዩነቱን ያመጣው ምን ሊሆን ይችላል? ሰው ሕፃኑ ዞር ሲል ያያል፣ ሕፃኑ ወዳየበት ያያል፣ ድምፅ ሲያወጣ መልስ ይሰጣል። ቪዲዮው ልጁ ቢያለቅስም ቢወጣም ይቀጥላል።

[ምስል፦ ደረቱ ላይ ትንሽ የድምፅ መቅረጫ ያደረገ ልጅ ቤት ውስጥ ሲጫወት።]

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉ 36 ልጆች ቤታቸው ውስጥ የሚሰሙትንና የሚናገሩትን ቀርጾ፣ ተረት ሲሰሙም አንጎላቸውን በመሣሪያ ተመለከተ። ከአዋቂ ጋር በየተራ ንግግር ብዙ የሚቀባበሉ ልጆች ላይ የቋንቋው የአንጎል ክፍል የበለጠ ሲሠራ ታየ። አዋቂው የተናገረው ቃል ብዛት ይህን ልዩነት አላብራራውም፤ ቅብብሉ ግን አብራራው።

አንድ ነገር ማስተካከል ያስፈልጋል። ከልጅ ጋር ብዙም በማይወራበት ባህል ያደገ ልጅ ንግግር ይቀርበታል ማለት አይደለም። በደቡብ ሜክሲኮ የማያ ተወላጆች በሚኖሩበት የገጠር መንደር የተደረገ ጥናት፣ ልጆቹ በቀጥታ ለእነሱ ተብሎ የሚነገር ነገር በሰዓት 4 ደቂቃ እንኳ ሳይሰሙ ዋና ዋና የንግግር ደረጃዎችን በወቅታቸው እንደሚደርሱ አሳይቷል። ትልልቅ ሰዎችን፣ ጎረቤትን፣ ታላላቆቻቸውን እያዩና እየሰሙ ያድጋሉ። የእኛ ጭንቀት ሌላ ነው፤ በኮንዶሚኒየም በር ተዘግቶ፣ ቴሌቪዥን ተከፍቶ፣ ከአንድ አዋቂ ጋር ብቻ ቀኑን ለሚያሳልፍ ልጅ የሚሰማው ጎረቤትም፣ የሚቀባበለው ሰውም አብሮ ያንስበታል።

[ምስል፦ መስኮት። ከታች በኮብልስቶኑ መንገድ ጭድ የጫኑ ሦስት አህዮች ያልፋሉ። እናት ልጇን ታቅፋ ቆማለች።]

ተራኪ፦ እንዴት ይደረጋል? መጀመሪያ አትናገሩ፤ ልጁ ወዴት እንደሚያይ እዩ። እናንተ አህያውን ልታሳዩት ብትፈልጉም እሱ የመስኮቱን ብረት እያየ ከሆነ ስለ ብረቱ አውሩት። ልጅ ዓይኑ ያረፈበትን ነገር ስም ሲሰማ ቃሉ ቶሎ ይያዝለታል፤ ከያዘው ነገር ነጥቀው ወደ ሌላ ሲወስዱት ያዳግተዋል።

ቀጥሎ አጭር ነገር በሉ። «አህያ! ጭድ ተሸክሟል።» ሁለት ወይም ሦስት ቃል ይበቃል። ድምፃችሁ ከፍና ዝቅ ቢል፣ ቃሉን ሳብ ብታደርጉት ችግር የለውም፤ ሕፃናት እንደዚያ ያለውን አነጋገር የበለጠ ያዳምጣሉ። ቃሉን ራሱን ግን አታኮላትፉት።

ከዚያ አፋችሁን ዘግታችሁ በልባችሁ እስከ 5 ወይም እስከ 10 ቁጠሩ። በአዋቂዎች ወግ ውስጥ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር ያለው ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። የሁለት ዓመት ልጅ ግን የሰማውን መረዳት፣ ቃል መፈለግ፣ ምላስና ከንፈሩን ማዘጋጀት አለበት። 10 ሰከንድ ለእናንተ ረጅም ነው፣ ለእሱ ልክ ነው።

የሚመጣው ምላሽ ቃል ላይሆን ይችላል። ጣት መቀሰር፣ «እ!» ማለት፣ ፊታችሁን ቀና ብሎ ማየት፣ ሁሉም ተራ ነው። እንደ ንግግር ተቀበሉትና ከሱ አንድ እርምጃ ብቻ ጨምራችሁ መልሱለት። «ውሃ» ካለ «ቀዝቃዛ ውሃ! ውሃ ጠማህ?» «አባባ ሄደ» ካለ «አባባ ሥራ ሄደ፤ ማታ ይመጣል።» አራት አምስት ጊዜ ከተመላለሳችሁ ጥሩ ነው። ፊቱን ካዞረ ጨርሷል ማለት ነውና ተዉት።

[ምስል፦ ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ፦ ና / ነይ / ይምጡ]

ተራኪ፦ አማርኛ ለዚህ ቅብብል የተለየ ምክንያት አለው። በቋንቋችን አንድን ሰው ስናነጋግር ግሡ ራሱ የተነጋገርነው ሰው ማን እንደሆነ ይናገራል። ብላ፣ ብይ፣ ይብሉ። እንካ፣ እንኪ፣ እንኩ። ስጠኝ፣ ስጪኝ፣ ይስጡኝ። ልጁ «ብላ» የሚለውን ድምፅ ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ ለማን እንደሚባል ማወቅ አለበት።

ወንድ ልጅ ቀኑን ሙሉ «ና» እየተባለ ይውልና እናቱን «እማ፣ ና!» ይላታል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ጠንቃቃ አድማጭ ስለሆነ ነው፤ ሲጠሩት የሰማውን መለሰ። ሴት ልጅም አባቷን «ነይ» ልትለው ትችላለች። መፍትሔው «ስህተት ነው» ማለት አይደለም። እናት «እማ ነይ አልክ? መጣሁ!» ብላ ትምጣ። ልጁ ሁለት ነገር አንድ ላይ አገኘ፦ ትክክለኛውን ቃልና እናቱን። ንግግሩ ሠርቶለታልና ቃሉን የሚይዝበት ምክንያት አለው።

«እርስዎ» ደግሞ ከሁሉም ይዘገያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ በቀጥታ ስለማይባል ሌሎች ሲባባሉ እየሰማ ነው የሚለምደው። ስለዚህ ልጁን በመልእክተኛነት አሠማሩት። «ሂድና አያትህን ‹ቡና ደርሷል፣ ይምጡ› በላቸው።» አያት ይመጣሉ፣ «ጎሽ፣ የኔ ልጅ» ይሉታል። ይህን ማንም ካርቱን አያስተምረውም፤ ስክሪን ውስጥ ያለው ሰው ከልጁ ጋር አንተም አንቺም እርስዎም የሚባባል አይደለምና።

[ምስል፦ ሳሎን። እንግዶች ተቀምጠዋል። ልጅ መሃል ቆሟል።]

ተራኪ፦ ቅብብሉ የሚበላሽባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፣ ግን በየቤቱ አሉ።

አንዱ ፈተና ነው። «ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ? በል ‹ላም› በል!» መልሱን የምናውቀውን ጥያቄ ስንደረድር ልጁ የሚያካፍለን አዲስ ነገር የለም፤ አንድ ቃል ብሎ ይገላገላል ወይም ይሸሻል። አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ካሰባችሁ በፊቱ ሁለት ሦስት ነገር ንገሩት።

ሌላው ሳቅ ነው። ብዙ ልጆች «ር»ን ቶሎ አይዙም፤ «ራበኝ» ለማለት «ላበኝ» ይላሉ። እንግዳ ሲመጣ «እስቲ ድገመው» ተብሎ ይሳቅበታል። እኛ ጣፍጦን ነው፣ ልጁ ግን ያወራው ስለ ረሃቡ ነው። «ራበህ? እንጀራ ልቁረስልህ?» በሉት፤ ትክክለኛውን ድምፅም እንጀራውንም ያገኛል።

ሦስተኛው ቀድሞ መገመት ነው። ውሃ ሊጠይቅ ሲንጠራራ ብርጭቆው እጁ ላይ ከደረሰ የሚናገርበት ምክንያት አጣ። ለአፍታ ብቻ ያዝ አድርጋችሁ እዩት። እስኪያለቅስ ግን አትጠብቁ።

ማንም ሳያየው የሚበራ ቴሌቪዥንም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ቴሌቪዥን በተሰማ በእያንዳንዱ ሰዓት ልጁ ከአዋቂ የሚሰማው ቃል በ770 ገደማ እንደሚቀንስ፣ ቅብብሉም አብሮ እንደሚያንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል።

[ምስል፦ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የታክሲ ሰልፍ። ከዚያ ምሽት 2 ሰዓት፣ የቤት በር ይከፈታል።]

ተራኪ፦ ከዳር ሰፈር ተነስቶ መሃል ከተማ ሠርቶ የሚመለስ ወላጅ ልጁን ነቅቶ የሚያገኘው ለአጭር ጊዜ ነው። ያቺን ጊዜ የሚያበዛት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ልጁን የምትጠብቀው ሠራተኛ ወይም አያት በየቀኑ ከውሎው አንድ ነገር ትንገራችሁ፦ ድመት መጣች፣ ሹሮ ተደፋ፣ መብራት ጠፋ። እጅ ሲታጠብ ወይም እራት ሲበላ በዚያ ጀምሩ። «ዛሬ ድመት መጣች አሉ?» ጠብቁ። «ኒያው» ይላል። «ኒያው አለች! ከዚያስ የት ሄደች?» ከ3 ዓመት በላይ ላለ ልጅ እንዲህ በዓይን የማይታይ፣ ያለፈ ነገርን ማውራት በተለይ ይጠቅማል፤ ትምህርት ቤት የሚጠብቀው ንግግር አብዛኛው እንደዚያ ነውና።

ለሠራተኛዋም በግልጽ ንገሯት። ልጁን ማጫወት ሥራ መፍታት ሆኖ እንዳይታይባት የምትፈራ ብዙ ናት። ሽንኩርት ስትልጥ፣ ምስር ስትለቅም ከልጁ ጋር ብታወራ የሥራዋ አካል መሆኑን ከእናንተ አፍ ትስማው።

ቋንቋው የትኛው ይሁን? ዳር ሰፈር ውስጥ አማርኛ ቤት፣ አፋን ኦሮሞ ግቢ፣ ጉራጊኛ ከአያት ጋር መስማት የተለመደ ነው። ልጅ ከሁለት ቋንቋ ጋር ማደጉ ንግግሩን አያዘገየውም። ቃላቱን ስትቆጥሩ የሁለቱንም ደምሩ፤ ቢቀላቅል አትደንግጡ። የሚያሳስበን ሌላ ነው፦ ኬጂ ሲገባ እንዳይቸገር ተብሎ በማይቀናን እንግሊዝኛ «ካም ሂር፣ ሲት ዳውን» ብቻ እያሉ ማሳደግ። ትእዛዝ ብቻ ያለበት ቋንቋ ተራ አይሰጥም። በሚቀናችሁ፣ መቆጣትም መተረትም በምትችሉበት ቋንቋ አውሩት።

[ምስል፦ መብራት ጠፍቷል። ሻማ። ቤተሰብ በክብ ተቀምጧል።]

ሴት ልጅ፦ እንቆቅልህ!

አባት፦ ምን አውቅልሽ!

ሴት ልጅ፦ ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።

አባት፦ እ… ጥላ?

ሴት ልጅ፦ አይደለም! አገር ስጠኝ!

ተራኪ፦ ከ5 ዓመት ገደማ ጀምሮ እንቆቅልሽ ከማንኛውም የልጆች ፕሮግራም ይበልጣል ብለን እናምናለን። ተራው በሕግ የተቀመጠ ነው፤ ልጅ ጠያቂ ትሆናለች፣ አባት ይሸነፋል፣ አገር ይሰጣል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚመልሱትም ልጆቹ ናቸው። የልጅቷ እንቆቅልሽ መልስ ጤዛ ነው፤ ጤዛን አይታ የማታውቅ ከሆነ ጠዋት ከብሎኩ ጀርባ ሣሩ ላይ አሳዩዋት።

[ምስል፦ ጤና ጣቢያ፣ የሕፃናት ክፍል።]

ተራኪ፦ ማውራት ብቻውን የማይፈታው ችግርም አለ። በ12 ወሩ በጣቱ የማያሳይ ወይም ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ በ18 ወሩ አንድም ትርጉም ያለው ቃል የሌለው፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል የማያገጣጥም ልጅ ይታይ። በየትኛውም ዕድሜ የነበረው ቃል ከጠፋበት ሳትዘገዩ ውሰዱት። «ወንድ ልጅ ነው፣ ይዘገያል፤ አባቱም እንዲሁ ነበር» ይባላል። ወንዶች ትንሽ ሊዘገዩ ይችላሉ፣ በዓመት ግን አይደለም።

መጀመሪያ የሚመረመረው ጆሮ ነው። ጆሮው በተደጋጋሚ መግል የሚያወጣ ልጅ ንግግር የሚሰማው ተቆራርጦ ሊሆን ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት ልጁ የሚላቸውን ቃላት በሙሉ፣ የተኮላተፉትንም ጭምር፣ ጻፉ። ቤቱ ሲጫወት በስልክ የ2 ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹና ለሐኪሙ አሳዩ፤ በማያውቀው ክፍል ውስጥ ብዙ ልጅ ድምፁን አያሰማምና።