«ካሜራው ለምን አይደበቅም?» የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ካሜራ ካወራን ወዲህ ስልካችን አላረፈም። ከከተማ ውጭ ስላሉ መንገዶች የጠየቃችሁትን የመንገድ ደህንነት ባለሙያችን እንዲህ መልሰዋል።

በሐዋሳ መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር፦ ስዊድን ውስጥ ካሜራው ጋ ከመድረስህ በፊት ምልክት አለ አሉ። አስጠንቅቆ መቅጣት ምን የሚሉት ነው? ይደበቅ እንጂ!

ወንድሜ፣ እናንተ መንገድ ላይ መብራት ብልጭ እያደረጋችሁ «ትራፊክ አለ» ትባባሉ የለ? ስዊድኖች ያንን ሥራ ለምልክቱ ሰጥተውታል። ከ2,000 በላይ ካሜራ አላቸው፤ አብዛኛው ከከተማ ውጭ፣ መኪኖች ፊት ለፊት በሚተላለፉበት መንገድ ላይ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይሠሩም። የትኛው እንደበራ ስለማታውቅ ሁሉም ጋ ትቀንሳለህ፤ የተፈለገውም እሱ ነው፣ ገንዘብህ አይደለም። አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይህንኑ ነው። በ100 እየነዳህ አንድ ልጅ ዘሎ ቢገባብህ፣ ደንግጠህ እግርህ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ባለችው አንድ ሰከንድ 28 ሜትር ሄደሃል። በ80 ቢሆን 22 ነበር።

ከደብረ ብርሃን፦ ካሜራው ጋ ቀነስ አድርጎ፣ ካለፈ በኋላ ነዳጁን ቢረግጠውስ?

ልክ ነሽ እህቴ፣ ይረግጡታል። ለዚህ ነው ስኮትላንድ በ2014 ከደንብሌን እስከ ኢንቨርነስ ባለው ኤ9 መንገድ ላይ አማካይ ፍጥነት የሚለካ ካሜራ የተከለችው። አንደኛው ካሜራ ታርጋህን ከነሰዓቱ ይመዘግባል፣ ቀጣዩም እንዲሁ። በሁለቱ መካከል 10 ኪሎ ሜትር ካለና በ6 ደቂቃ ከደረስክ፣ ካሜራው ፊት የቱንም ያህል ጨዋ ብትሆን በአማካይ 100 ነድተሃል ማለት ነው። ደግሞ በዚያው ሰሞን የከባድ መኪናን ወሰን ከ64 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ አደረጉት፤ ምክንያቱም ከተሳቢ ኋላ እየተንቀረፈፈ የሚሄድ ሹፌር ትዕግሥቱ ሲያልቅ ነው ደርቦ ለመቅደም የሚወጣው። ይሄ እኛ አገር ብዙም አይወራም።

ከስዊድን፣ ጎተንበርግ፦ መኪናው የእኔ ነው፣ የነዳው ግን ባለቤቴ። ማን ይከፍላል?

እዚያ የሚቀጣው የነዳው ሰው ነው። ካሜራው ከፊት የሚያነሳውም የሹፌሩ ፊት እንዲታይ ነው።

ከአዲስ አበባ፦ ይሄ ነገር እኛ ጋ ይሠራል?

መሣሪያው ይሠራል። ጣጣው ከፎቶው በኋላ ነው። በውክልና የተሸጠ መኪና ስንት አለ! ስመ ንብረቱ ሳይዛወር ሦስት እጅ ይዞራል፣ ቅጣቱ ግን ከዓመታት በፊት ለሸጠው ሰው ይደርሳል፣ ያውም ከደረሰ፤ ቤት ድረስ ደብዳቤ የሚያመጣ ፖስተኛ የለንማ። ታርጋው በጭቃ የተለሰነውን ተዉት። ስለዚህ በእኔ እምነት መጀመሪያ የባለቤትነት መዝገቡ ይስተካከል፣ ቅጣቱ በስልክ መልእክት ይድረስ፣ ያልከፈለ ቦሎ አይታደስለት። ካሜራውንም ሜዳ ላይ አትትከሉት። አስፋልቱ ትንሽ ከተማን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ቦታ አለ፣ በገበያ ቀን ሰውም አህያም ፍየልም መንገዱን የሚሞላበት። እዚያ መግቢያው ላይ፣ ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ምልክት ይዞ ይቁም።